የሐሙስ አንድ ሰዓት

መዳብ ልትቆፍር ወደ ጎቢ ስትሄድ፣
ምሰሶው ላይ ሰካህ ከደብተር ገጽ አንድ፦
«መኪናዋን አደራ፣ አይግደላት ብርድ፤
በሳምንት አንድ ቀን፣ ባትሄጅም መንገድ፣
ግቢና ቀስቅሻት፣ አንድ ሰዓት፣ የግድ።

‹ዝግጁ› የሚል መብራት፣ አረንጓዴው ይብራ፤
ያለዚያ ሬዲዮ መክፈት ኪሳራ ነው፣ ኪሳራ።
ቁልፉንም አርቂው ከመኪናዋ ጎራ፤
በቀረበ ቁጥር ሌሊቱን ሲያወራ
ስንቋን ያስበላታል፣ ሳትሄድ ሳትሠራ።»

አንተ ወግ አትወድም። እኔ ግን ሳነበው
አንድ ነገር ገረመኝ፦
ትልቁ ባትሪ፣ ከኋላ ወንበር ሥር፣
ዳገት የሚያስወጣው፣ ጉልበቱ የሚያስፈክር፣
ትንሿ ከጥግ ላይ ካልቀሰቀሰችው፣
ከነሙሉ ኃይሉ እንቅልፍ ነው የሚወስደው።

በታኅሣሥ አንድ ማታ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣
ሶሎንጎ ጓንቷን ልትፈልግ ገብታ
የውስጡን መብራት ሳታጠፋ ወጣች። እኔም አላየሁ።
ጠዋት ቁልፉን ተጫንኩ። ዝም።
በብብቴ አሙቄ ደግሜ ተጫንኩ። ዝም።
ከቁልፉ ሆድ የተደበቀችውን የብረት ምላስ መዝዤ
(ሦስተኛው መስመርህ) የፊቱን በር ከፈትኩ።
የኋላው ክዳን ግን በኤሌክትሪክ እንጂ በእጅ አይከፈትም፤
ባትሪዋ ደግሞ ከክዳኑ ወዲያ።
መክፈቻው እሷ፣ የተቆለፈባትም እሷ።

ጎረቤታችን ዳምባ ገመዱን በትከሻው አንግቶ መጣ፤
ያን የሩሲያ ጂፑን፣ በሩ በሽቦ የታሰረውን፣ አፍንጫ ለአፍንጫ አቆመ።
ከፊተኛው ክዳን ሥር ቀይ ቆብ የደፋች ጫፍ አገኘና
ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከባዶ ብረት አገናኘ።
ስትነቃ ድምፅ እንኳ አላሰማችም፤ መብራቷ ብቻ በራ።
«ብልጥ መኪና ይሏታል» አለ ዳምባ፣ ጢሙ ላይ በረዶ እንደ ጨው፣
«ብልጦች ናቸው ቶሎ የሚርባቸው።»

ሐሙስ በአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ሙሉ፣
መሪ ይዤ ስቀመጥ ሰዎች ምን ይላሉ?
ፑንትሳግ አሮጊቷ ከአጥር ማዶ ሆና፦
«ባልሽን ነው ምትጠብቂ ወይስ ጠፋ ጤና?»
«ባትሪ ላበላ ነው» ስላት ሳቀችና፣
የበግ ላት ላከችልኝ፦ «ቅመሽ በያትና!»

ሞተሩ በራሱ ይነሣል፣ በራሱ ይተኛል።
የከሰል ጢስ ሰፈሩን እንደ ድስት ከድኖታል፤
ከታች የኡላንባታር መብራት ይታየኛል፣ አይታየኝም።
ሶሎንጎ ከኋላ ወንበር ማባዛት ትሠራለች፣
በሰባት ስትደርስ ሁልጊዜ ትሳሳታለች።
እኔ ወረቀትህን እደግማለሁ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።
አምስተኛው፦ «ከወር በላይ ካልተነዳች
ጥቁሩን ገመድ ንቀይው፤ የኋላውን ክዳን ግን እንዳትዘጊው።»
ስድስተኛው፦ «ቆማም ቢሆን ጥቂት ጥቂት ይፈስሳታል።
ዝም ስላለች ያረፈች አይምሰልሽ።»

ሦስት እሑድ አለፈ፣ ጎምቦ፣ አልደወልክም።
ስትደውልም ሁለት ደቂቃ ነበረች፦
ብርዱ እንዴት ነው፣ ልጅቷስ፣ መኪናዋስ፣
ከዚያ ከጀርባህ የሰው ተራ ሲጮህ፣ ቻው።
ሁለት ደቂቃ ምን ታደርጋለች እል ነበር፤
ለካ በር የምትከፍተው እሷ ኖራለች።

ገንዘቡ ይደርሰናል፤ በሱ አልወቅስህም።
ከሰሉ ሞልቷል፣ ሥጋውም ውጭ ተሰቅሎ ድንጋይ ሆኗል፤
ትልቁ ነገር ሁሉ በየቦታው አለ።

ዛሬ በሶሎንጎ እርሳስ፣ ከስድስተኛው በታች፣
ሰባተኛ መስመር ጨምሬልሃለሁ፦
«እሑድ። ሁለት ደቂቃ። የግድ።»

ሰዓቱ ሞላ። አጠፋኋት፣ ሱፉን አለበስኳት፤
የውስጡን መብራት ሁለቴ አየሁ።
ቁልፉን ከማዶው ሚስማር ሰቀልኩት፣ እንዳያወራት።
ስልኩን ግን
ከራስጌዬ።