ጨው ሲነካው

ከሌሊቱ ስምንት፣ ዲሞና ተኝታ፣
ከጎማ ጠጋኙ ግድግዳ ተጠግታ
የእኛ ፋብሪካ ብቻ መብራቷን አብርታ፣
በርሜሉ ያጉረመርማል። ጭምብሌን አጥብቄ
ነጩን ዱቄት ልነዛ፣ ትንፋሼን ደብቄ።

ካርቦመር ነው ስሙ። የክሬም ማወፈሪያ።
ከላባ ይቀላል። ቸኩሎ ለደፋው
ይጓጉላል፤ ውጩ ሙጫ፣ ውስጡ ደረቅ፣
እንደ ኩርፊያ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢያማስሉት
አይፈታም። እኔ ታዲያ በወንፊት፣ በቀስታ፣
በረዶ እንደሚያዘንብ፣ ለበረሃ ስጦታ።
ንጋት ላይ የሶዳው ጠብታ ሲወርድበት
ውሃው ብድግ ይላል፣ አጥንት እንደ ገባበት።

ፋይና ኬሚስቷ፣ ከካርኪቭ የመጣች፣
በስብር ዕብራይስጧ ለእኔ ስብር ነገረች፦
«ለፊትሽ አትፍሪ፤ ረጅም ነው ሰንሰለቱ፣
በቆዳሽ ቀዳዳ አያልፍም አንገቱ።
ለሳንባሽ ግን ፍሪ፤ ጭምብልሽን አታውልቂ።
ደግሞ ስሙን ተዪና ትውልዱን ጠይቂ፤
በቤንዞል የታጠበ፣ የድሮ ዓይነት አለ፤
ጆንያው ይመለስ፣ ወረቀቱ ዝም ካለ።»

ቤት ስገባ ኖጋ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣
ብልቃጡን ገልብጣ፣ ከስሙ ላይ ጣቷ፦
«እማ፣ ይሄ ፕላስቲክ ነው! ፊትሽን በፕላስቲክ?»
እሷ ተልባ ዘፍዝፋለች፣ በእርጎ ኩባያ፣
ሙልጭልጭ ያለ፤ ማታ ማታ ትቀባዋለች።
ማክሰኞ አማረ። ሐሙስ ሸተተ።
ለዓርብ ጢም አበቀለ።
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
«የአንቺውስ» አለች፣ «ታጥበሽ ስትደፊው
ወዴት ነው የሚሄደው? መቼ ነው የሚበሰብሰው?»
ፋይናን ጠየቅኋት። ትከሻዋን ሰበቀች።
እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

አንድ ሰሞን ባለቤቱ ናፍታሊ፣ ለገበያ ብሎ፣
«የጨው ባሕር ጨው ግቡበት፣ ስሙ ይሸጣል» አለ።
ፋይና እንቢ ብትል ራሱ በጭልፋ ጨመረ።
ያ ማንኪያ የሚያቆመው፣
ሁለት መቶ ሊትር ሙሉ፣ ጉልበቱ ከዳው፤
አጥሚት ሆኖ ቀረ።
ናፍታሊ ጭልፋውን ይዞ ቆመ፣
እኛ ወለሉን እስክንጠርግ።

ትናንት ከኖጋ እጅ ላይ ጥቂት ጄል አኖርሁ።
ከሩጫ ነበር የመጣችው፣ ላቧ አልደረቀም።
ጉብ ብሎ የነበረው፣ ሳንነካው፣
ቀለጠ፤ በአንጓዋ ላይ ወረደ።
«ምን ሆነ?»
«ላብሽን ቀመሰ።»
እጇን አሸተተች፣ በቀሚሴ ጠረገችው፣
የተልባዋን ኩባያ ልታጥብ ሄደች።