የውሃው ክፍል

በሌላው መኪና ሰው ሽቅብ ይሳፈራል፤
ሃድሰን ውስጥ ግን፣ እንደ ምድር ቤት፣ ይወርዳል።
ወለሉ ከብረቱ አጥንት ሥር ገብቶ
በጀፈርሰን ያልፋል፣ ሆዱን ለአስፋልቱ አስጠግቶ።
ከጦርነቱ ማግስት፣ ብረት ለታንክ መባሉ ሲቀር፣
በዲትሮይት እንዲህ ያለ መኪና ይሠራ ነበር።

ኦዲል ቫንደርሜርሽ፣ ከቤልጂጎች ሰፈር፣
የታጣፊ ጣሪያውን ሸራ ትሰፋ ነበር።
አውራ ጣቷ ላይ የመርፌ ጠባሳ፤
እኔም ነክቻታለሁ፣ ከምስር ፍሬ አንሳ።

ጣሪያው የተሰፋው ለሚከፍተው ነው፣
ለበጋ፣ ለነፋስ፣ ሻሽ ለሚነጥቀው፤
ዋጋው ከአያቴ የዓመት ደሞዝ በላይ ነው።
አንድም ቀን አልነዳች።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ግን ትቀመጥበታለች፣
በውሃው ክፍል ውስጥ።

የውሃው ክፍል ማለት የቆርቆሮ ዋሻ፣
ከላይ የቧንቧ ወንፊት፣ ከታች የውሃ መሸሻ።
ጣሪያው ይዘጋና መኪናው ይገባል፤
ከስፌተኞቹ አንዷን አለቃው ይጠራል፤
«ጠመኔሽን ይዘሽ ውረጂ» ይላታል።
ቧንቧው ይለቀቃል፣
ሸራው ላይ ዝናቡ እንደ አተር ይረግፋል።
እሷ በጨለማ፣ አንገቷን ቀልሳ፣
ጠብታ ትጠብቃለች፣ ጠመኔዋን አንሥታ፤
ባፈሰሰበት ላይ ክብ ታሰምራለች።
ስፌቱ የራሷ ሲሆን ዝም ትላለች፤
የጓደኛዋ ሲሆንም ዝም ትላለች።
(አለቃው ይህቺን ዝምታ አይወዳትም።)

«አሥር ደቂቃ ናት፤ ቧንቧው እስኪዘጋ
መሪውን ጨብጬ፣ ያንን ሁሉ ዋጋ፣
ሐይቆቹን ዞሬያለሁ፣ ካናዳ ደርሻለሁ፤
በደረስኩበት ሁሉ ዝናብ አግኝቻለሁ።»

በሃምሳ አራት ሃድሰን ከናሽ ጋር ተጋባ፤
ሥራው ጓዙን ጭኖ ከኖሻ ከተማ ገባ።
ስሙ ሦስት ዓመት ቆየ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።
ኦዲል የሆስፒታል አንሶላ ስትሰፋ
ጡረታ ወጣች።

ሰማንያ ሁለት ሲሞላት ኢፕሲላንቲ ወሰድኳት፣
የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ፣ በኔው ቶዮታ።
መንገዱን ሙሉ የቶዮታው በር ስለሚያፏጭ አጉረመረመች።
ሳሩ ላይ ተደርድረዋል፤ ኒኬላቸው ዓይን ይወጋል፤
መሀል ላይ አንድ ቀይ ሃድሰን፣ ጣሪያው ተከፍቶ።
ሕዝቡ መሪውን ያያል፣ ወንበሩን ይዳስሳል፤
እሷ ዞራ ከኋላ፣
ተጣጥፎ የተኛውን ሸራ አየች።
ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች።
«ፀሐይ ነው» አለች፣ ቅር ብሏት።

ባለቤቱ፣ ዱዌይን ፕሪቸት፣ የጥርስ ሐኪም ነው፤
«ሸራው የፋብሪካው ነው፣ እመቤት፤
ጎተራ ውስጥ ነው የኖረው፤
አንድም ቀን ዝናብ ነክቶት አያውቅም።»

«ነክቶታል» አለች ኦዲል።

ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።
«ዝጋው» አለችው፣ እንደ አለቃ።
እኔን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ደመና የለ፤
ጣሪያውን ጎትቶ ዘጋው።
በሩን ይዤላት፣ አንድ እግሯን አስቀድማ፣
ቁልቁል ወረደች።

በመስኮቱ አየኋት፦
መሪውን ይዛ፣ አንገቷን ቀልሳ፣
ሽቅብ፣ ወደ ስፌቱ።

እኛ ውጭ ቆመን፣ ፀሐይ እያቃጠለን፣
ቧንቧው እስኪዘጋ ጠበቅናት።