ሐረጎ ላይ የሚበራው

"ሐረጎ ላይ በራ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፤
ኮምቦልቻ ስገባ ጠፋብኝ፣ እስቲ እይ"
ብላ ቁልፍ ሰጠችኝ አዋላጇ አንሻ፤
እጇ ጓንት ይሸታል፣ የሌሊት ማስታወሻ።

ደሴ ያለ ጋራዥ ሰባ ሺህ ጠይቋታል፤
"ካምቢዮው አልቆለታል፣ ይውረድ" ተብሎባታል።
ፍርዱ የተሰጠው ኮፈኑ ሳይከፈት፣
ዘይቱ ሳይሸተት፣ ሳይዳሰስ በጣት።

"አብሽሪ" አልኳት።
ማሽኑን ከመሪው ሥር ሰካሁና ጠበቅን፤
ፊደልና ቁጥር ጽፎ ዝም አለን።
"ፒ ዜሮ ስምንት ስልሳ ስምንት"
አለ ሙሄ አንብቦ፣ ተለማማጁ ልጅ፤
የካምቢዮው ዘይት ግፊቱ አነሰ ይላል እንጂ
ለምን እንዳነሰ አይልም።
ኮድ እንደ ጎረቤት ነው፤ ጩኸት ሰማሁ ይላል፣
ማን ማንን እንደመታ አጥሩ ጋርዶታል።

ልሰርዘው እችል ነበር።
አንድ ቁልፍ ነው፣ አንድ ጣት፤
መብራቱ ይጠፋል፣ እሷም ትገባለች ቤት።

አምና አድርጌዋለሁ።
ሐምሌ ነው፣ መሽቷል፣ ዶፍ ነው የሚወርደው፤
ደምሌ "መብራቱን ብቻ" አለኝ።
መብራቱን ብቻ አጠፋሁት፤ መኪናውን ወሰደው።
ሲነጋ ሐረጎ ወገብ ላይ አገኙት፤
ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው አይሰማውም፤ በገመድ ጎተቱት።
ዛሬም መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል።
ሰላምታው ነው የሚያመኝ።

ስለዚህ ጣቴን ሰበሰብኩ።
ሞተሩን አስነሥቼ እስኪሞቅ ጠበቅኩ፤
በብርድ የተለካ ዘይት ይዋሻልና።
መለኪያውን መዘዝኩ፣ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩ፣ ደግሜ ነከርኩና
አየሁት፤
እንደ ከርከዴ ቀይ ነው፣ ገና አልጠቆረም፤
አሸተትኩት፣ የተቃጠለ ነገር አይሸትም፤
ልኩም አልጎደለም።

"ታዲያ ምን ጎደለ?" አለኝ ሙሄ ደንግጦ።
"ምናልባት ምንም። አምጣት ያቺን ጌጅ፣
መስተዋቷ የተሰነጠቀ፣
አባ ይማም ከጨርቃ ጨርቁ ጡረታ ሲወጡ
እንደ ሕፃን ያስታቀፉኝን።"

ብሎኑን ፈትቼ ቱቦዋን አሰርኩ።
የፊት ጎማ ሥር ድንጋይ ደረደርኩ።
ከዚያ ኋላዋን በክሪክ አነሣን፣ ብረት ደገፍን፣
አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋን፣
ሐረጎ የደረሰች እንዲመስላት።
ሙሄ ፍሬን ረገጠ፤ "ማርሽ አስገባ" አልኩት፣
እኔ ከጎኗ በርከክ ብዬ ዐይኔን ጌጇ ላይ ተከልኩት።

መርፌዋ ተነሣች፣
ወጣች፣ ወጣች፣
ልኳ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች፤ አልተንቀጠቀጠች።

"በራ!" አለ ሙሄ ከውስጥ።

ግፊቱ ሙሉ ነው፤ መብራቱ ግን ይጮኻል።
ከሁለት ምስክር አንዱ ይዋሻል።

ባትሪ አብርቼ ወደ ውስጥ አጎነበስኩ።
እዚያ ነበረች፣ ከሴንሰሩ የምትወጣ ሽቦ፣
ማሰሪያዋ ተበጥሶ፣ ቆዳዋ ተልጦ፣
መኪናዋ አፍንጫዋን ስትደፋ ብረት የምትነካ፣
ሜዳ ላይ ስትደርስ ደግሞ የምትርቅ፣ ንጹሕ የምትመስል።

በፕላስተር ጠቀለልኳት፣ በአዲስ ማሰሪያ ሰቀልኳት።
"ሦስት መቶ ብር" አልኳት አንሻን።
አልሣቀችም። ሽቦዋን አጎንብሳ አየቻት፣
እትብት እንደሚያይ ሰው፣ ቀስ ብላ።
"ታዲያ ያ ሰውዬ ሰባ ሺህ ያለው ለምንድን ነው?"

ደምሌ ትዝ አለኝ።
መልስ አልነበረኝም።

"ሳንሞክራት አትሄጂም" አልኩ።
እስከ ደሴ መግቢያ ወጣን፣ ዞርን፣ ቁልቁል ለቀቅናት።
አንደኛው ጥምዝ።
ሁለተኛው፤ ሲኖትራክ እያቃሰተ ሽቅብ ሲመጣ አሳለፍን።
ሦስተኛው ላይ ሙሄ ትንፋሹን ያዘ፤
እኔም መንገዱን ትቼ ለአፍታ ዳሽቦርዱን አየሁ፤
ጨለማ ነው፤ እንደሚገባው።

ሙሄ ሊያበሥራት ወደ ኋላ ዞረ።
አንሻ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ
ተኝታለች።
"ተዋት" አልኩት፤
ፍሬኑን ቀስ አድርጌ ነካሁ።