ሦስት ሰከንድ

በማግዳሌና ዳር፣ ሙቀት በማይተኛበት፣
ከብረቱ ማማ ጫፍ ነበልባል ሲያድርበት፣
ኢጓና ከቧንቧው ሥር ሆዷን ታሞቃለች፤
ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ያለ ፋኖስ ትሄዳለች፤
መንገዷን በማጣሪያው እሳት ታውቀዋለች።

ባራንካ ይሏታል። ቀድሞ እዚህ የሚፈሰው
ቀጭን ዘይት ነበር፣ እንደ ውሃ የሚቀዳው፤
ያ አለቀ። ዛሬ ከሜዳው ማዶ የሚጎተተው
ወፍራም ነው፣ እንደ ቂም የረጋ፣
ካልሞቀ የማይላወስ፣ ካልተለመነ የማይጠጋ።

"ድፍድፍ" ስል በቋንቋዬ ጠላ ይሸተኛል፤
አተላውን መድፋት ግን እዚህ ማን ይችላል?
እዚህ አተላው ነው ቤቱን የሚያቆመው፤
ከሥር የዘቀጠው፣ ማንም የማይጠጣው፣
እሱ ሲሰነጠቅ ነው ቤንዚን የሚወጣው።

ኤሊዬሰር ፓያሬስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
በስንጠቃው ክፍል ነው ጠጉሩ የነጣበት።
ሁለት ብልቃጥ ሞልቶ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣
ያቆም ነበር ጎን ለጎን፣ በብርሃን ሊያይ፤
አንዱ ጥቁር ዱቄት፣ ከሥራ የተመለሰ፤
አንዱ አመድማ፣ በእሳት የታደሰ።

"አፋጣኝ ይሉታል። እኔ ግን" ይል ነበር፣
"ቀን ሠራተኛ ነው የምለው ይህን አፈር።
ያን ወፍራም አቅፎ ሽቅብ ይተኮሳል፤
ሦስት ሰከንድ ብቻ፤ ከዚያ ይለያያል፤
ዘይቱ ቀሎ ይሄዳል፣ ከሰሉ እሱ ላይ ይቀራል።
ከዚያ ወደ ምድጃ። ዕዳውን ነው የሚያነደው፤
ያው የነደደው ዕዳ ነው ደግሞ የሚያሞቀው።
እንዲህ ያለ ወንድ ካገኘሽ፣ ሌዲስ፣ አትልቀቂው።"

ሌዲስ ኪንዮኔስ፣ ከረግረጉ መንደር፣
አባቷ መረብ ሲጥል ውሃው ዝንጉርጉር ነበር፤
ቀስተ ደመና ያለው፣ ዓሣ የሌለው።
ኬሚስትሪ ተምራ መጣች። ስለ ውሃው
አንድ ቀን አላነሳች። ጠብታ ነው የለካችው።

"ዱቄቱ መች አጠፋ? ኒኬሉ መረዘው፤
ከኒኬሉም ይልቅ አፈሙዙ ነው ሰነፉ፣ ዘይቱን የሚተፋው።
ጓል ጓሉን ከላክንለት በሦስት ሰከንድ መች ይተናል?
ጉም አድርጉለት፤ ጉም ይታቀፋል።"

አለቆቹ ሳቁ፦ "ጉም ዝገኑ ልትለን!"
ወረቀቷ ስምንት ወር መሳቢያ ውስጥ ሰነበተ፤
በጥገናው ሳምንት፣ ምክንያት ሲያጡ፣ ተከፈተ።
በያጁ አርኑልፎ፣ ላቡን በክንዱ እያበሰ፣
"ለትንኝ አፍ ነው የሠራሽው!" ብሎ ሳቀና አስነጠሰ።
ስድስት አፈሙዝ፣ ትንሽ ጣት የማያስገቡ፣
በክሬን ተንጠልጥለው በጎኑ ገቡ።

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ። ዘይቱ ተለቀቀ።
የሚጸልይ ጸለየ፤ የሚስቅ ሳቁን አመቀ።
ስክሪኑን ያላየ ኤሊዬሰር ብቻ ነው፤ ወጥቶ ከደረጃው መደገፊያ
ጆሮውን ለጠፈ፦ "ካፊያ" አለ፤ "ካፊያ!
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በረዶ ነው የሰማሁት።"
ሌላ አልተናገረም። ሲነጋ፣ የታደሰው ዱቄት
ከጠጉሩ ጋር ተመሳሰለ፣ በንጣት።

"ሁለት ከመቶ ጨመረ" አለ የቤንዚኑ ሂሳብ፤
ለአለቆቹ ድግስ ነው፣ ለጋዜጣው ቀለብ።

እሁድ፣ ጀልባው ላይ፣ ለአባቷ ነገረችው።
"ሁለት ከመቶ፣ አባዬ!"
መረቡን እየጠቀለለ ሰማት።
ቆይቶ፣ ቦካቺኮ የሚሉትን ዓሣ አሳያት፤
ሁለት ነበሩ፣ ከመዳፉ የማያልፉ፤ ደረደራቸው።
"እኔም ጋ ከመቶው የቀረው ይኸው ነው።"

ሳቀች ሌዲስ። ሦስት ሰከንድ ያህል።
ሳቁ ቀሎ ሄደ በውሃው ላይ፤
ከሰሉ እሷ ላይ ቀረ።