ባዶዋ ቀዳዳ

ቢስቲማ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍሉ ጥግ ላይ፣
ከመስኮቱ ራቅ አርጌ፣ እንዳትነካት ፀሐይ፣
ሰቀልኳት ያቺን ሣጥን፣ ሃብ የሚሏትን፣
መዳፍ የምታህለውን፣ ስምንት ጆሮ ያላትን።
ምስጢር አታውቅም እሷ፤ በአንዱ የሰማችውን
ለሰባቱ ትነግራለች፣ ሳታስቀር አንዱን።
«ብርቅ አይደለም» አለኝ እብሬ፣ የላብራቶሪው ሰው፤
«እንዲህ ያለ ጎረቤት እኛ ሰፈርም ብዙ ነው።»

ገመዱን ልጬ ስምንቱን ክር ፈታሁ፣
እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ድምፄን አውጥቼ ጠራሁ፦
ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣
ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣
ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣
ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ።
አረንጓዴን ከነጩ ማን ነው ያፋታቸው?
ሰማያዊ ከነሚስቱ መሀል ገብቶባቸው።
ለምን እንደሆነ አስተማሪዬም አልነገረኝ፤
«እንዲህ ነው» ነበር ያለኝ፤ እሱም በቃኝ።

የመጀመሪያው ጫፍ አልያዘም፤ ብርቱካኑ አጠረ፣
ከወርቁ ጥርስ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ።
መድኃኒት የለውም ይሄ፣ መቁረጥ ነው ከሥሩ፤
እንደገና መላጥ፣ እንደገና መደርደሩ።
በስህተት ቁጥር ገመዱ ጣት ጣት ያህል ያጥራል፤
የኔም ዕድሜ እንዲሁ ነው፤ ስንት ጣት ይቀረዋል?

ባሥራ አንድ ሰዓት ግድም መብራቷ ቦግ አለች፤
ከካርድ ክፍል የተላከች ስም ፋርማሲ ደረሰች።
ለማዋለጃው ኮምፒውተር፣ ገና ላልደረሰው፣
ሰካሁ ሰባተኛዋ ላይ ገመድ የሚያደርሰው።
ሌላውን ጫፍ ግን እንዲሁ ተውኩት፣ ተንጠልጥሎ፣
ቸኩዬ። የደሴ ሚኒባስ ሊሄድ ነው ተብሎ።

ሳምንት ሳይሞላ ስልክ። ሲስተር ዘሙ ናት፦
«ካርዱን በወረቀት ጀመርን፣ ሰልፉ ከበር ወጣ፤
አብሽሩ ማለት ሰለቸን፤ ሰው በኛ ተቆጣ።»

ሐይቅን አልፌ ገባሁ። አየኋት።
ሞት አይደለም ይሄ፤ ያሉት መብራቶች ሁሉ
ባንድ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ።
ሁሉም ይጮኻል፣ ማንም አይሰማም።
አይጥን ጠረጠርኩ። ገመዱን በጣቴ ዳሰስኩ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
የጠረጴዛ እግር ረግጦት እንደሆን ብዬ ጎንበስ አልኩ።
አጠፋሁ፣ አሥር ቆጠርኩ፣ አበራሁ፤ ያው ነው።
የቀረው የድሃ ዘዴ ነበር፦ አንድ በአንድ መንቀል።
ካርድ ክፍሉን ነቀልኩ፤ ያው።
ፋርማሲውን፤ ያው።
የእብሬን፤ ያው። «እኔ ንጹህ ነኝ» አለ እብሬ።
ሰባተኛዋን ስነቅል፣
ጸጥ።

ጫፉን ተከተልኩት። ገመዱ ዞሮ፣ ተጠማዞ፣
እዛችው ሣጥን ተመልሶ ስምንተኛዋ ውስጥ ገብቷል።
የገዛ ቃሏን መልሶ በጆሮዋ ሲያፈስባት፣
እሷም አዲስ መስሏት ለሁሉ ስትናገር፣
እንደገና ስትሰማ፣ እንደገና ስትናገር ከርማለች።

«ማነው የሰካው?» አልኩ።
ወይዘሮ ጦይባ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደገፈች፦
«እኔ ነኝ። ስጠርግ ተንጠልጥሎ አየሁት፣ እግር ሊጠልፍ፤
እዚያ ደግሞ ባዶ ቀዳዳ አየሁ።
ቦታውን ያጣ መስሎኝ፣ አሳዘነኝ፣ ከተትኩት።»

ምን እላታለሁ? ተንጠልጥሎ የተወው ማን ሆነና?
ሲስተር ዘሙ መጥታ «ምን ሆኖ ነው?» ስትለኝ፣
«ገመድ ነው» አልኩ፤ «ትቼው የሄድኩ እኔ ነኝ።»

ነገሩን ሳስረዳት ጦይባ ሳቀች፦
«እንዲህማ ከሆነ ሟቹን አማቴን ነው የሰካሁት፤
የራሱን ወሬ ዞሮ ሲሰማ፣
ሌላ ሰው ያማው ይመስለው ነበር።»
ከመርፌ ክፍል የቁስል ፕላስተር አምጥታ፣
በጥርሷ ቀዳ፣ በአውራ ጣቷ ተጭና
ስምንተኛዋን ሸፈነቻት።
ገመዱን እኔ ጠቀለልኩ። በክር አሰርኩ፣ ሁለቴ።

አምስት ወር ሆነው፣ አልደወሉም።
ባለፈው እብሬን ሐይቅ ገበያ አገኘሁት፤
የማዋለጃው ኮምፒውተር እስካሁን አልመጣም።
ፕላስተሩን ግን ጦይባ ሁለት ጊዜ ቀይራዋለች፣
እንደ ቁስል።