በቃ እና ደግሞ

የመጀመሪያው ባትሪ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ፤
አባቴ ነው የገደለው፣ ቀን ሙሉ ፀሐይ እየጋተ።
ባትሪ አፍ የለው፣ «በቃኝ» አይል፤
የሰጡትን ይውጣል፣
ሞልቶም ይውጣል፣
አሲዱ ይንተከተካል፣ ውሃው ተኖ ያልቃል፣
የገማ እንቁላል ሽታ ቤቱን ይሞላል።
እናቴ ጆሪና በሩን ከፈተች፤
«ዕዳው ገና ሰባት ወር ይቀረዋል» አለች፤
ሌላ ቃል አልጨመረች።

እኛ የምንኖረው ጃሙና ወንዝ መሀል፣
ወንዙ ባስቀመጠው አሸዋ ላይ ነው፤ ሲያሻው ያነሣዋል።
ቤታችን አራት ጊዜ ተነቅሏል፤
ቆርቆሮው በጀልባ፣ ቀርከሃው በትከሻ ተግዟል።
የመብራት ምሰሶ ግን ዋና አይችልም፣
ዛሬ ኖሮ ነገ ለማይኖር መሬት ሽቦ የሚዘረጋ የለም።
ስለዚህ ጣራችን ላይ አንዲት ሰሌዳ፣ ከሥሯ አንድ ባትሪ፣
ሦስት አምፖል፣ አንድ ስልክ፣ እኔም መጽሐፍ ላይ አዳሪ።

ሁለተኛው ሲገዛ አባቴ ሞታሌብ ማለ፤
«ይህን አልገድልም» አለ።
ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ ጣቱ በስታኞ ካውያ የጠቆረ፤
ከሞተ ባጃጅ የጥሩንባውን ሪሌ ፈታ፣
ከተሰበረ ቴሌቪዥን ትራንዚስተር ቆፈረ፣
የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሁሉንም ደረደረ።

አስቀድሞ ዳዮዷን በየደ።
«ቀን ያበደረን ሰሌዳ» አለኝ «ሲጨልም ሌባ ነው፣
ባትሪው ያጠራቀመውን በጠብታ ሊወስድ ነው።
ይህች በር ናት፤ መግቢያ እንጂ መውጫ የላት።»
እናቴ ከጓዳ፦ «እንዲህ ያለውን በር
ለወንዙ ብትሠራለት ጥሩ ነበር።»

ከዚያ ልኩ ተቆረጠ፦ ዐሥራ አራት ነጥብ አራት ቮልት።
እዚያ ሲደርስ ሪሌው ይቁረጥ፤ ዝቅ ሲል ይቀጥል። ቀላል ትእዛዝ።
ረፋድ ላይ ቀጭ አለ፤ ፀሐይ ተቋረጠች፤
ቮልቱ ወረደ፤ ቀጭ፤ ተመለሰች፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣
ቀጭቀጭቀጭቀጭ፣
ወባ እንደያዘው ሰው ጥርሱ ሲፋጭ፣
እስከ አስር ሶላት። ሲመሽ የሪሌው ምላስ ተቃጥሎ
ተጣብቆ ቀረ፣ ዝም ብሎ።

ሦስት ቀን ሽቦ ለዋወጠ፤ የባጃጁን ባለቤት ሰደበ፤
ካፓሲተር ጨመረ፤ ቀጭቀጭታው ዘገየ እንጂ አልተገደበ።

በአራተኛው ማታ እናቴ የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች፣
ቀና ሳትል ተናገረች፦
«ሰው ጠግቦ ከማዕድ ሲነሣ
እጁን ሳይታጠብ ይርበዋል?
መጥገቢያውንና መራቢያውን አንድ ስፍራ ተክለህበት
እንዴት አይንቀጠቀጥ? መሀሉን ክፈትለት።»

አባቴ ካውያውን አስቀመጠ።
ዓሣውን ብዙ አየ፣ እሷን ብዙ አየ።
ከዚያ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሬዚስተር ፈለገ፣
ከመውጫው ወደ መግቢያው ወሬ የምትመልስ።
«በቃ» ዐሥራ አራት ነጥብ አራት ላይ፤
«ደግሞ» ዐሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ላይ፤
በሁለቱ መካከል ሰፊ ዝምታ።

በማግስቱ ረፋድ፣ ቀጭ። አንድ ጊዜ።
ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን፤
የጎረቤት ዳክዬ ተንጫጫ፤
ደመና መጣ፣ አለፈ። ዝም።
ቀትር ካለፈ በኋላ፣ ቀጭ፦
ደግሞ።

አባቴ ክዳኑ ላይ በምስማር አንድ ነገር ጫረ።
እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጠራችኝ፣ «ምን ይላል?»
«የጆሪና ክፍተት» አልኳት።
ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፈች፤
«ቆርቆሮው አይበቃም እንጂ» አለች
«ዕዳውንም ከጎኑ ጻፈው።»