ነፋስ መቀበያ

ሐምሌ ነው በስሙ፤ ጭጋግ የለው ጭቃ፣
ስካርፔሪያ ከተማ እንደ ቋንጣ ደርቃ፤
ቢላ አንጥረኛው እንኳን መዶሻውን ጥሎ
ከመደብሩ ኋላ ተኝቷል ተጠልሎ።
እኛ ግን ከጉብታው ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር፣
ቤንዚን ቤንዚን እያልን፣ ከጎማ ክምር ጋር።

ኔሪና ትነዳለች። መኪናው ክድን ነው፤
መስታወቱ አይወርድም፣ በብሎን ታስሮ ነው፤
ከፊት ለፊት ሞተር፣ ከእግሯ ሥር ጭስ ማውጫ፣
ልብሷ ሦስት ድርብ፣ የሰዓታት ሩጫ።
ከልምምድ ወርዳ ጓንቷን ስትጨምቀው
ጠብ ጠብ አለ ላቡ፤ ጠብታውን ቆጠርነው።
ቴርሞሜትሩ፣ ከመቀመጫዋ ጎን፣
ሃምሳ ስምንት ይላል። እኛም ዝም አልን።

ይገርማል ነገሩ፤ ነፋስ በግራ ቀኝ፣
ነፋስ በጣሪያው ላይ፣ እንደ ሰከረ ዘፋኝ
እየጮኸ ያልፋል፤ ከውስጥ ግን ጠብ የለ።
የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለ
ለካ ለሷም ኖሯል።
ሰው መቼም ሲጨንቀው "ነፋስ ልቀበል" ይላል፣
ደጅ ይወጣል፣ ቆሞ ግራ ቀኙን ያያል፤
እሷ ግን ነፋሱን ሰንጥቃ እየሄደች
አንድ ጉንጭ አጥታ ነው በላብ የሰመጠች።

ባለፈው ወር እኔ አጥፍቻለሁ ጥፋት፤
ቱቦውን ከጎማው ኋላ፣ ዝቅ አድርጌ ቀጠልኩላት፤
መንገዱ አጭር ነበር፣ ሥራውም ቀላል፤
ለካ እዚያ ያለው አየር ፍሬን ፍሬን ይላል፤
የተቃጠለ ጎማ፣ የፊተኛው ጭስ፣
ይኸን ነው በቱቦ የላክሁላት ለነፍስ።
በሠላሳኛው ዙር ገብታ ቆመች።
በሩን ስከፍትላት በወንድሟ ስም ጠራችኝ፤
"ጀልባውን አስረኸዋል?" ብላ ጠየቀችኝ።
ወንድሟ ያለው ትሪየስቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ መምህሬ ቀይ የሱፍ ክር ነው፤
ስንዝር በስንዝር ቆርጬ መኪናው ላይ ለጠፍኩት፣
ኔሪና ስትነዳ ከግንቡ ላይ አነበብኩት፦
ከጎማው ኋላ ያለው እንደ እብድ ይዘልላል፣
ከጎን መስታወቱ ጥግ ያለው ተኝቷል፣
ጸጥ ብሎ፣ ለስልሶ፣ እንደ ታጠበ ፀጉር።
ንጹሑ አየር ለካ እዚያ ነው የሚያድር።
ደግሞም ሌላ ገባኝ፤ አንድ ቀዳዳ በስቼ፣
መግቢያ ብቻ ሰጥቼው፣ መውጫውን ረስቼ
ነበር የደከምኩት፤ ቤት መውጫ ከሌለው
እንግዳም አይገባ፤ ነፋስም እንግዳ ነው።

አለቃችን ቫስኮ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣
"ቀዳዳ ጎታች ነው" ይላል ተቆጥቶ፤
"በየዙሩ ሁለት አስረኛ ሰከንድ ያስከፍላል።
ትጠጣ ውሃዋን። ሌላውም ያልበዋል።"

እሱ ሲያንኮራፋ፣ ከሌሊቱ ሰባት፣
ከአንጥረኛው የገዛኋትን ስለት
ይዤ ገባሁ። መስታወቱን በሳሁት፣
ጠርዙን ላግሁት፤
ሁለተኛውን ከጀርባዋ፣ ከላይ ቀደድኩት።
ክንድ ያህል ጥቁር ቱቦ፣ እስከ ራስ ቁሯ ድረስ።
እስኪ አንተ ጎታች፣ ግባና ተናፈስ።

እሑድ። ዙር አርባ ሁለት።
ቫስኮ ሰዓቱን ይዞ፣ ዓይኑ ከእኔ አይነሣም።
ሁለት አስረኛዋ? አዎ፣ ጠፍታለች፤ አልዋሽም።
ስድስተኛ ነን። ዋንጫ ዘንድሮም የለም።
"ኔሪና፣ እንዴት ነሽ?"
ዝም አለች፣ ኩርባውን እስክትጨርስ።
ከዚያ በሬዲዮው ውስጥ፣ ከቃሏ በፊት፣
ሰማሁት፤ ረጅም፣ ያልተጣደፈ እስትንፋስ።
"ሳር ይሸታል" አለች። "የታጨደ ሳር።
ማነው ደግሞ ዛሬ፣ በእሑድ፣ የሚያጭደው?"

ቫስኮ ሰዓቱን ትቶ ወደ ጉብታው ዞረ።
እውነትም አንድ ሽማግሌ፣ ማጭዱን ይዞ፣
ጎንበስ ቀና ይል ነበረ።